‹‹ማን ይሻላል?›› ከማለታችን በፊት

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ለዘመድ ለቅሶ ቆቦ ከወረድሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲረቱ፣ እኔ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ካለ የቆርቆሮ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነበርሁ። በረዥም አግዳሚ ላይ ከወጣቶች መሐል ተጣብቄ፣ ላቤ እየወረደ ጨዋታውን አየሁ። ለቅሶ የመጣ ሰው ኳስ ቤት ምን ይሠራል የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ግን ከለቀስተኛው ግማሹ እዚያው ነበር።

ከጨዋታው በኋላ አስፋልቱ በሰው ተሞላ፤ ሲኖትራኩም ባጃጁም ጥሩምባውን ነፋ። ደስታው ሳይበርድ ደግሞ ፊፋ ‹‹ኢትዮጵያ መሰለፍ የማይገባውን ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፋለች›› በሚል ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ። ማታ ላይ እዚያው ቤት በር ላይ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ወሬው ወደ እንግሊዝ ዞረ። አሌክስ ፈርጉሰን ከማንቸስተር ዩናይትድ ወንበር ከተነሡ ገና ወር ማለፉ ነው፤ በቦታቸው የኤቨርተኑ ዴቪድ ሞይስ ተሰይሟል። ወጣቶቹ ለሁለት ተከፍለው ይነታረካሉ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት አሉ። እስቲ ይፍረዱን። ሞይስ ነው ሞሪንሆ?›› አለኝ።

ፈረድሁ። ‹‹ሞሪንሆ ነዋ! ዋንጫውን ቁጠሩት›› አልሁ። ግማሹ አጨበጨበ፤ የቀረው አጉረመረመ። እኔም ጉዳዩን እንደዘጋ ዳኛ ተነሥቼ ወደ ማደሪያዬ ሄድሁ።

በማግስቱ ጠዋት የእናቴ ወንድም ማሳው ድረስ ይዞኝ ወጣ። ምሥራቁን የዞብል ተራራ ዘግቶታል፤ ሜዳው ተተርትሮ ዝናብ ይጠብቃል። ለወሬ ያህል፣ ‹‹ጋሼ፣ የትኛው ማሽላ ነው የሚሻለው?›› አልሁት። እንደ ሞኝ አየኝ። ‹‹ዝናቡ መቼ መጥቶልህ?›› አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። ሚያዝያ ላይ ከዘነበ የሚዘራው ደጋሊት ወይም ጅጉርቲ ነው፤ ብዙ ወር መሬት ላይ ቢቆዩም ምርታቸው ደህና ነው፤ አገዳቸው ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር ይሆናል። ዝናቡ ዘግይቶ ሐምሌ ከገባ ግን ደጋሊት መዝራት ዘርን መበተን ነው፤ ሳያሸት ዝናቡ ይሄድበታል። ያኔ ቶሎ የሚደርሰውን፣ ከምርምር ማዕከል የመጣውን ዘር ትይዛለህ፤ ስማቸውን ከዚሁ ከአገራችን የወሰዱት ግራና እና ጎብዬ ይገኙበታል። አቀንጭራ የያዘው ማሳ ከሆነ ደግሞ ጎብዬን ወይም አብሽርን ታስባለህ፤ አቀንጭራውን ይቋቋማሉና። ቶሎ የሚደርሰውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሌላው ማሽላ ገና ለጋ ሳለ እሱ ብቻውን ስለሚያሸት የአካባቢው ወፍ ሁሉ ይወርድበታል፤ ልጅ ቁጭ አድርገህ ታስጠብቃለህ። ‹‹የሚሻል ዘር የለም። ለዚህ ዓመት፣ ለዚህ ማሳ የሚሆን ዘር ነው ያለው›› አለና ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

ማታ የፈረድሁት ፍርድ እዚያው ማሳ ላይ ተሻረብኝ። ሕግ ትምህርት ቤት ከተማርነው ሁሉ ሳይረሳኝ የቀረው አንድ ነገር ቢኖር ጭብጥ መያዝ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ዳኛው ወደ ማስረጃ ከመግባቱ በፊት ተከራካሪዎቹ በምን ላይ እንደሚለያዩ ለይቶ ጭብጡን እንዲመሠርት ያስገድደዋል። ጭብጡ ከተሳተ ምስክሩ ምንም ያህል እውነተኛ፣ ሰነዱም ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን ፍርዱ ይሳሳታል። ያን ማታ እኔ ‹‹ከሁለቱ ማን የበለጠ ዋንጫ አለው?›› የሚል ጭብጥ ይዤ ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ ‹‹የተለቀቀው ወንበር ምን ይጠይቃል?›› የሚለው ነበር።

እስቲ ያንን ወንበር እንየው። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1986 እስከ ሜይ 2013 ተቀምጠውበት 13 የሊግ ዋንጫ አንሥተዋል። ሰውየው አሠልጣኝ ብቻ አልነበሩም። ተጫዋች የሚገዛው፣ ታዳጊ የሚመለምለው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ጋዜጠኛ የሚቆጣው ሁሉ በእርሳቸው በኩል ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ጊልም በዚያው ክረምት ለቀቀ። ስለዚህ የተለቀቀው ወንበር አንድ አልነበረም፤ ሁለት ነው። ቡድኑ ደግሞ ሻምፒዮን ቢሆንም ያረጀ ነበር። ሪያን ጊግስ 39 ዓመቱ ነው፤ ፖል ስኮልስ ጫማውን ሰቅሏል፤ ሪዮ ፈርዲናንድ፣ ኔማንያ ቪዲችና ፓትሪስ ኤቭራ ወደ ማብቂያቸው ተቃርበዋል። እንግዲህ ሥራው ቤቱን መጠበቅ አይደለም፤ ሰው እየኖረበት ቤቱን አፍርሶ መሥራት ነው።

በዚህ ጭብጥ እጩዎቹን እናወዳድር። ፔፕ ጓርዲዮላ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ከባየርን ሙኒክ ጋር ተስማምቶ ስለነበር ከውድድሩ ውጪ ነው። ጆዜ ሞሪንሆ በፖርቶ 2004፣ በኢንተር 2010 ቻምፒዮንስ ሊግ አንሥቷል። እነዚህ ዋንጫዎች ምን ያረጋግጣሉ? የተሰጠውን ቡድን ፈጥኖ አሸናፊ ማድረግ እንደሚችል ያረጋግጣሉ። አሥር ዓመት የሚቆም ቤት መሥራት እንደሚችል ግን አያረጋግጡም፤ እስከዚያን ጊዜ በአንድ ክለብ አራት ሙሉ የውድድር ዘመን አልቆየምና። በኋላም በ2015 ሜይ ቼልሲን ሻምፒዮን አድርጎ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተሰናብቷል። ካርሎ አንቸሎቲ ሁለት ጊዜ ከሚላን ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በቼልሲ በ2010 ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን በአንድ ዓመት ወስዷል። የእሱ ችሎታ ትልልቅ ስም ያላቸውን ተጫዋቾች ሳያስኮርፍ መምራት ነው፤ ያም ሪያል ማድሪድ የሚፈልገው ስለነበር በሄደ በዓመቱ፣ በ2014፣ ለማድሪድ ለረዥም ጊዜ የተጠበቀውን አሥረኛ ዋንጫ አመጣ። አፍርሶ ለሚሠራ ቤት ግን የመጀመሪያው ሰው አድርጌ አልቆጥረውም።

የርገን ክሎፕ አለ። ዶርትሙንድን በ2011 እና በ2012 የጀርመን ሻምፒዮን አድርጎ፣ በ2013 ዌምብሌይ ላይ ለቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አድርሶታል። ውድ ያልሆኑ ወጣቶችን ሰብስቦ ቡድን የሚሠራ ሰው ነው። የማንቸስተሩን ጭብጥ ለሚያነብ ሰው ማስረጃው ወደ እሱ ያዘነብላል። ችግሩ ያለው ከአሠሪው ዘንድ ነው። ክሎፕ በኋላ ሊቨርፑል በ2015 ኦክቶበር ሲገባ የመጀመሪያ ዋንጫውን ለማንሣት እስከ 2019 ሜይና ጁን መባቻ ድረስ ቆይቷል፤ ሊጉን ያገኘው በ2020 ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ አራት ዓመት ይታገሠው ነበር? እጩን ስናወዳድር የአሠሪውንም ትዕግሥት አብረን ልንመዝነው ይገባል፤ ይህን የሚያደርግ ቦርድ ግን ብዙም አይታይም።

ሞይስ ራሱስ? በኤቨርተን 11 ዓመት ያለ ዋንጫ ቢቆይም በትንሽ ገንዘብ ቡድኑን በሊጉ የላይኛው ክፍል አካባቢ አቆይቷል። ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም። ነገር ግን የተመረጠው ለዚህ ብቻ አልነበረም። ስኮትላንዳዊ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ በአንድ ክለብ ይሰነብታል፤ ፈርጉሰንን ይመስላል። የመረጡትም ፈርጉሰን ራሳቸው ናቸው። ተሰናባቹ ተተኪውን ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ ወንበሩን ሳይሆን ራሱን ይፈልጋል። የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው፤ የቆየው አሥር ወር ነው። ከቀድሞው የአሠልጣኞች ቡድን እነ ረኔ ሙለንስቲንን አሰናብቶ የራሱን ሰዎች አመጣ፤ ቤቱን የሚያውቁት ሰዎች አብረው ሄዱ። በኤፕሪል 20 ቀን 2014፣ ያውም በቀድሞ ክለቡ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸንፎ፣ በሁለተኛው ቀን ተባረረ። ቡድኑ 7ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከዚያ በኋላ ክለቡ ጭብጡን ሳያስተካክል ሰው ብቻ ለዋወጠ። ሉዊ ቫን ኻል፣ ያ እኔ የፈረድሁለት ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ መጡ። ሞሪንሆ በ2017 ሁለት ዋንጫ አነሣ፣ በቀጣዩ ዓመት 2ኛ ወጣ፣ በ2018 ዲሴምበር ተሰናበተ። በ2024 ኖቬምበር ሩበን አሞሪም ሲቀጠር በሦስት ተከላካይ የሚጫወት ሰው፣ በአራት ተከላካይ ለመጫወት የተገዙ ተጫዋቾችን ተረከበ፤ በዚያ የውድድር ዘመን ቡድኑ 15ኛ ሆነ። ሐምሌ ላይ ደጋሊት ዘርተው ኅዳር ላይ ዘሩን ይራገማሉ።

የአርሰናል ደጋፊዎች እንዳይስቁ የእነሱንም አነሣለሁ። ቬንገር በ2018 ሲሰናበቱ ለቦታው በሰፊው የተገመተው ሚኬል አርቴታ ነበር፤ በመጨረሻ የተመረጠው ግን ኡናይ ኤምሪ ነው። በወረቀት ላይ ማን ይከራከራል? ኤምሪ ከሴቪያ ጋር የዩሮፓ ሊግን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወስዷል፤ አርቴታ ደግሞ በዋና አሠልጣኝነት አንድም ጨዋታ አልመራም። ኤምሪ በ2019 ኖቬምበር ተባረረ፤ ወር ሳይሞላ አርቴታ ተተካ። አርቴታ በ2020 ኤፍኤ ካፑን ወሰደ፤ ከዚያ ቡድኑን አፍርሶ ሠርቶ ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ዓመት በተከታታይ በሊጉ 2ኛ አደረገው። ኤምሪስ ደካማ ነበር? በ2021 ቪያሪያልን የዩሮፓ ሊግ ባለቤት አደረገ፤ አስቶን ቪላን ይዞ በ2024 ለቻምፒዮንስ ሊግ አበቃ። ሞይስም ቢሆን በ2023 ከዌስት ሃም ጋር የአውሮፓ ዋንጫ አንሥቷል። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ማሳው ነው።

ጭብጡን በሚገባ የያዘ ክለብ ካስፈለገ የ2024ቱ ሊቨርፑል ይጠቀሳል። ክሎፕ እንደሚለቅ ሲያስታውቅ የሁሉም ዐይን ዣቢ አሎንሶ ላይ ነበር፤ እሱ ግን በሌቨርኩዘን እቆያለሁ አለ። ክለቡ ‹‹ታዲያ ቀጥሎ ዝነኛው ማን ነው?›› አላለም። ያለን ቡድን ያልፈረሰ፣ በአራት ተከላካይ የሚጫወት፣ ተጫዋቾቹም ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ናቸው፤ ስለዚህ የምንፈልገው ይህን ሳይነቅል የሚቀጥል ሰው ነው ብሎ፣ ብዙዎቻችን ስሙን ለመጥራት የምንቸገረውን አርነ ስሎትን ከፌይኖርድ አመጣ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2024/25፣ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተመረጠበት መንገድ ግን ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን። የዋልያዎቹ ወንበር በተለቀቀ ቁጥር አገራችን የምትይዘው ጭብጥ አንድ ነው፤ ‹‹የውጭ ወይስ የአገር ውስጥ?›› ኢፊ ኦኑራ መጣ፤ በ2003 ተሰናበተ። ቤልጂየማዊው ቶም ሴንትፊት ተተካ፤ ወራት ቆይቶ ሄደ። ከዚያ ሰውነት ቢሻው ተሾመ። በጥቅምት 2005 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃን፤ ደቡብ አፍሪካ ላይም የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። እኔ ቆቦ ሆኜ ያየሁት ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው አካል ነበር።

ያን ቀን የተሰማው የፊፋ ምርመራ ምን ሆነ መሰላችሁ? ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ ሲገባው ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ነበር። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ካርድ መቁጠር፣ ደብዳቤ ማንበብ፣ ለአሠልጣኙ ማሳወቅ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ዓለም ላይ ያለ ታላቅ አሠልጣኝ ቢቀጠር ይህን ቀዳዳ አይደፍነውም። ቡድኑ እንደምንም መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ፤ በሁለቱም ጨዋታ ተሸንፎ ቀረ።

በየካቲት 2006 ሰውነት ተሰናበተ። ምክንያቱ በቻን ውድድር ሊቢያ፣ ኮንጎና ጋና ተከታትለው ማሸነፋቸው፣ እኛም አንድ ጎል ሳናስቆጥር መመለሳችን ነው። ውጤቱ አስከፊ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ቻን በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የተዘጋጀ ውድድር መሆኑን ልብ ይሏል። የሰውየው ከሁለት ዓመት በላይ የዘለቀ ሥራ በሦስት ጨዋታ ተለካ። ያኔም ጥያቄው ‹‹የአገር ውስጥ አሠልጣኝ አቅሙ እዚህ ድረስ ነው፤ አሁን የውጭ እናምጣ›› የሚል ሆነ፤ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ። ጋናን ያሠለጠነ ሰው ነው፤ የሕይወት ታሪኩ ያማረ ነው። የ2015ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ ሳያልፍ ቀረ፤ ሚያዝያ 2007 ላይ ተሰናበተ። ‹‹የውጭ አሠልጣኝ ገንዘብ መጨረስ ነው፤ የአገር ውስጥ እንመልስ›› ተባለና ዮሐንስ ሳህሌ ተሾመ። ፔንዱለሙ እንዲህ ይወዛወዛል።

የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ወንበር ከክለብ ወንበር የተለየ ነው። ክሎፕ ተጫዋቾቹን በየቀኑ ያገኛቸው ነበር፤ የዋልያዎቹ አሠልጣኝ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚያገኛቸው። ተጫዋች መግዛት አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ ያሉትን ተጫዋቾች ማወቅ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚግባባ፣ ማን በየትኛው ቦታ እንደሚሻል፣ ክለቡ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚያጫውተው ለማወቅ ሊጉን ለዓመታት ያየ ሰው ያስፈልጋል። ይህ መመዘኛ ፓስፖርት አይጠይቅም። ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሰርዶየቪች፣ እኛ ‹‹ሚቾ›› የምንለው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ለረዥም ጊዜ አሠልጥኗል፤ ሊጋችንን ከብዙ አበሻ በላይ ያውቀዋል። በኋላ ዑጋንዳን ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለ2017ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። አብርሃም መብራቱ ደግሞ የመንን ለ2019ኙ የእስያ ዋንጫ አብቅቶ ነው ወደ ዋልያዎቹ የመጣው። አንዱ ፈረንጅ ሆኖ የእኛን ሊግ ያውቃል፤ ሌላው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የውጭ ልምድ አለው። ‹‹የውጭ ወይስ የአገር ውስጥ›› የሚለው ጭብጥ እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚያስቀምጥበት ሣጥን የለውም።

በመስከረም 2013 የተሾመው ውበቱ አባተ በእኔ ግምት ለወንበሩ ቀርበው ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ለሥራው የቀረበ ነበር። ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ሻምፒዮን ያደረገ፣ በኳስ ቅብብል የሚያምን፣ የሊጉን ተጫዋቾች በስም ብቻ ሳይሆን በእግራቸው የሚያውቅ ሰው ነው። ለካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ አበቃን። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን ደረጃቸውን አያሟሉም ብሎ ስለከለከለን ‹‹የሜዳችን›› ጨዋታ ማላዊ ላይ ነበር። ከቆቦ ወደ ደቡብ ትንሽ ነድተው ወልድያ ሲደርሱ በ2009 የተመረቀ፣ ከ25 ሺሕ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ያያሉ፤ ቢሆንም ያኔ ዋልያዎቹ በባዕድ አገር ሜዳ ተከራይተው ነበር ‹‹ቤታቸው›› የሚጫወቱት። ውበቱ በሚያዝያ 2015 ለቀቀ። ከዚያም እንደተለመደው ‹‹ቀጥሎ ማን?›› ብለን ጠየቅን፤ ‹‹የት ይጫወታሉ?›› የሚለው ጥያቄ ግን ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው በፊት የሚመጣ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ውልም አንድ ነገር ልበል፤ ሙያዬ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ። በውል ሕግ የጥረት ግዴታና የውጤት ግዴታ ይለያያሉ። ሐኪም በሙያው ደንብ ሊያክምህ ይገደዳል እንጂ ልትድን ነው ብሎ ዋስ አይሆንህም፤ ጠበቃም እንዲሁ። ግንበኛ ግን ቤቱን አጠናቅቆ ሊያስረክብህ ይገደዳል። አሠልጣኝ ከየትኛው ወገን ነው? በጠባዩ ከሐኪሙ ጋር ነው፤ ሜዳ ላይ ተጋጣሚ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ዕድል አለ። አሠሪዎች ግን ‹‹ለዋንጫ ማሳለፍ›› የምትል ሐረግ ውል ውስጥ አስገብተው ሐኪሙን ግንበኛ ሊያደርጉት ይወዳሉ። ይቻላል፤ ውል የተዋዋዮች ሕግ ነው። ነገር ግን ግንበኛውን ቀጥረህ ሲሚንቶና ውኃ ካላቀረብህለት ‹‹ቤቴ አላለቀም›› ብለህ ልትከሰው አትችልም። የወዳጅነት ጨዋታ፣ የልምምድ ሜዳ፣ የተጫዋቾች መሰባሰቢያ ቀን፣ ካርድ የሚቆጥር ጸሐፊ፣ እነዚህ የአሠሪው ግዴታዎች ሆነው ከአሠልጣኙ ግዴታ ጎን መጻፍ አለባቸው። ተለያይተው ሲካሰሱ ለዳኛውም ይቀልላል።

እስካሁን ሌሎችን ስወቅስ ቆየሁ። የራሴንም መናገር አለብኝ። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ የምንኖር የቆቦ ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ለአንድ የታዳጊዎች ቡድን አሠልጣኝ ለመቅጠር ኮሚቴ አቋቋምን። የሕግ ሰው ነህ ተብዬ የማወዳደሪያ ሠንጠረዡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከመቶ ነጥብ አርባውን የሰጠሁት በትልቅ ክለብ ለተጫወተ ሰው ነው። ለምን? ስፖንሰር ይስባል ብዬ። ሁለት እጩ ቀረቡ። አንደኛው ስሙ የታወቀ የቀድሞ ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ልጆቹን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማረ የስፖርት መምህር። ሠንጠረዡ የተሠራው በእኔ እጅ ነውና ውጤቱ ገና ሳይደመር የታወቀ ነበር።

የመረጥነው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ሲመጣ ግን ሣር ያለው ሜዳ ጠበቀ፤ ያለው አቧራ ነው። ልምምዱን ከቀኑ 10 ሰዓት አደረገው፤ ያን ጊዜ ከልጆቹ ግማሹ በመስኖ እርሻዎቹ ላይ ሽንኩርት ለቀማ ላይ ናቸው፤ የቀን ገቢያቸው ነው። የቀረ ሁሉ ‹‹ሥነ ሥርዓት የለውም›› ተብሎ ተቀነሰ። በአምስተኛው ወር አሠልጣኙ ራሱ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። መምህሩ በዚህ መሐል ዝውውር ጠይቆ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ሁለት ልጆች ብቻ ወደ ሌላ ቡድን ተሻገሩ፤ ጥሩ በረኛ የነበረው ባጃጅ ይነዳል፤ ሲያገኘኝ በአክብሮት ሰላም ይለኛል፤ ያ አክብሮት ደስ አይለኝም። ከዚያ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ስለረገጣት ቡድኑን መልሶ ለማቋቋም የሚያስብም አልተገኘ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምህሩን ወልድያ መናኸሪያ አገኘሁት። ይቅርታ ለመጠየቅ ጀምሬ ነገሩን አዞርኩት፤ ‹‹ያን ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ልትጠይቀን የፈለግኸው ነገር ነበር?›› አልሁት። ሳቀና፣ ‹‹ጠይቄያችሁ ነበር እኮ ጋሼ፣ እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ›› አለኝ። ምን እንደጠየቀ ስጠይቀው ሁለት ነገር ነገረኝ። ስንት ኳስ አላችሁ? ልምምዱን ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ልጆቹ ወደ ሽንኩርቱ ሳይሄዱ በፊት፣ ማድረግ ይቻላል ወይ?

የቃለ መጠይቁን ቃለ ጉባኤ ቤት ገብቼ አወጣሁት። በእኔው የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው። ከመምህሩ ስም ግርጌ ‹‹ጥያቄ፦ የለም›› ይላል።